የሐረር ከብት ጥጆችን የውልደት ክብደት እንዴት እንመዝግብ? የሞቱትንስ?

የኤረሩ አርቢ (ውይይቱን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን።

ከሐረር ከተማ ወደ ኤረር ሸለቆ በሚወስደው አቅጣጫ፣ ከአባቴ የተረከብኳቸውን ጥቂት የሐረር ዝርያ ላሞች አረባለሁ። ከብቶቻችን በአካል አነስተኛ መሆናቸውን የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ሆኖም በጓሮ ታስረው በማሽላ አገዳ፣ በቅጠልና በጫት ገራባ (ከጫት በሚተርፈው) ሲቀለቡ የሐረር ሰንጋ የሚባለውን፣ በገበያ በስሙ ተጠርቶ የሚሸጠውን በሬ የሚሰጡን እነዚሁ ናቸው። ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ሰንጋው ሳይሆን፣ ከተወለደ አንድ ቀን ስላልሞላው እንቦሳ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ገና የመጀመሪያዋን የምትወልድ አንዲት ጊደር ነበረችኝ። በእኔው ፈቃድና በእኔው ችኮላ፣ ከትልቅ የወተት ዝርያ በተወሰደ አባለዘር እንድትዳቀል አደረግሁ። ምጡ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ረፋድ 4 ሰዓት ድረስ ቆየ፤ ሁለት ጎረቤቶቼ በገመድ አግዘውኝ ጥጃው ሲወጣ ትንፋሽ አልነበረውም። ጊደሯም የኋላ እግሮቿ አልታዘዝ ብለዋት ዘጠኝ ቀን ተኝታ ሰነበተች፤ በየጊዜው እያገላበጥን፣ ከሥሯ ገለባ እየጎዘጎዝን፣ በአሥረኛው ቀን ነው ቆማ የሄደችው። በዚያች ማለዳ ምን እንዳሳሰበኝ ባላውቅም፣ የሞተውን ጥጃ ከመቅበሬ በፊት እህል በምመዝንበት ሰቃይ ሚዛን አንጠልጥዬ መዘንኩት። ቀስቱ 31 ኪሎ ከ200 ላይ ቆመ። በዚያው ዓመት ከቤቴ ከተወለዱት ጥጆች ውስጥ ትልቁ 22 ኪሎ አልሞላም ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ የጥጆችን ቁጥር የሚሰበስብ ሰው ወደ ሰፈራችን መጣ። ስለዚያ ጥጃ ስነግረው፣ የሞተ ጥጃ የሚጻፍበት ቦታ በቅጹ ላይ እንደሌለ ገለጸልኝና አለፈው። በዚህ የተነሳ በወረቀቱ ላይ ያቺ ጊደር ጨርሶ አልወለደችም፤ ያም አባለዘር በእኛ ትንንሽ ጊደሮች ላይ ያደረሰው ጉዳት የለም። በሚቀጥለው ዓመት ጎረቤቴ መዝገቡን አይቶ ያንኑ ቢመርጥ ሊወቀስ አይችልም።

ስለዚህ በሐረር ዙሪያና በድሬዳዋ ገጠር የምንገኝ አርቢዎች፣ እያንዳንዳችን በቤታችን አንድ ዓይነት ደብተር ይዘን የጥጆቻችንን የውልደት ክብደት በአንድ ዓይነት መንገድ ብንመዘግብ ምን ይመስላችኋል? በየትኛው ሰዓት መመዘን እንዳለበት፣ በምን ዓይነት ሚዛን፣ ከክብደቱ ጎን ደግሞ ምን ምን መጻፍ እንዳለበት የምታውቁ እንድታስተምሩኝ እለምናለሁ። የሞተው ጥጃ ከመዝገቡ እንዳይወጣ የሚለው ሐሳቤ ግን ለድርድር የሚቀርብ አይደለም።

የሳቢያኗ

ጋሼ፣ በደረሰብዎት ነገር በጣም አዝኛለሁ፤ ጊደሯ በመትረፏ እግዚአብሔር ይመስገን።

እኔ ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ ከእናቴ ጋር ሦስት ላሞች አሉን። ሐሳብዎን ወድጄዋለሁ፤ ነገር ግን ሁለት ችግር አለብኝ። አንደኛው፣ ሰቃይ ሚዛን የለንም፤ ያለን ሰው የሚመዘንበት፣ ወለል ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ሚዛን ብቻ ነው። ጥጃውን ታቅፌ ብመዘንና ከዚያ የራሴን ክብደት ብቀንስ ይበቃ ይሆን? ሁለተኛው ከባድ ነው። እናቴ የተወለደ እንቦሳ በሰው ፊት ተሰቅሎ መመዘኑን አትወድም፤ ዓይን ይገባዋል ትላለች። ይህን የምነግርዎ በእናቴ ለማሳበብ አይደለም፤ እንደ እናቴ የሚያስቡ ብዙ ቤቶች እንዳሉና እነሱን ሳናሳምን መዝገቡ የጥቂት ሰዎች ብቻ ሆኖ እንደሚቀር ስለማውቅ ነው።

እርባታ ተመልካች

በእንስሳት እርባታ ሙያ ለረጅም ጊዜ የሠራሁ ነኝ፤ የተጠየቀውን በተቻለኝ መጠን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

የውልደት ክብደት የሚባለው ጥጃው በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የተመዘነው ክብደት ነው። ይህ ገደብ የተቀመጠው ጥጃው በመጀመሪያው ቀን በሚጠባው እንገር፣ በሚጥለው የመጀመሪያ ዐይነ ምድርና በሚደርቀው የሰውነት እርጥበት ምክንያት ክብደቱ ስለሚለዋወጥ ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ጥጃ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የክብደቱን አንድ አሥረኛ ያህል፣ ማለትም 2 ሊትር ገደማ እንገር ማግኘት ይገባዋል። እንግዲህ አንዱን ጥጃ ሳይጠባ፣ ሌላውን ጠግቦ ብንመዝን በመካከላቸው የምናየው የ2 ኪሎ ልዩነት የዘር ሳይሆን የእንገር ልዩነት ነው።

ይሁንና ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያውስ ሳይጠባ እንመዝነው» ብሎ እንገሩን ማዘግየት ትልቅ ስሕተት ነው። ጥጃ ሲወለድ በደሙ ውስጥ በሽታ የሚከላከልበት ኃይል እምብዛም የለውም፤ ያን ኃይል የሚያገኘው ከእንገሩ ነው፤ አንጀቱ ደግሞ ይህን ኃይል እንዳለ ወደ ደም የሚያስገባው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲሆን፣ አንድ ቀን ሲሞላ በሩ ይዘጋል። ከዚህ በተጨማሪ የእኛ ዜቡ (ባለ ሻኛ) ላሞች ጥጃቸውን ሳይልሱና ሳያሸቱ ከተወሰደባቸው ሊገፉት፣ ወተትም ሊከለክሉ ይችላሉ። ስለዚህ እናቲቱ ልሳ ታድርቀው፣ ይቁም፣ ይጥባ። ሲመዘን ግን የተወለደበትን ሰዓት፣ የተመዘነበትን ሰዓትና ጠብቶ እንደሆነ ወይም እንዳልጠባ ጎን ለጎን መጻፍ በቂ ነው፤ በኋላ የሚያነጻጽር ሰው ይህን አይቶ ይለያቸዋል።

እኅቴ፣ ጥጃውን አቅፎ መመዘን ይቻላል። ዳሩ ግን ሁለት ጊዜ ስለሚነበብ ስሕተቱም ሁለት ጊዜ ይገባል። የሚያቅፈው ሰው ያው አንድ ሰው ይሁን፣ ጫማውንና ልብሱን አይለውጥ፤ መጀመሪያ ከጥጃው ጋር፣ ወዲያው ደግሞ ብቻውን ይመዘን፤ ይህንኑ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ መካከለኛውን ይጻፍ። ወለሉ ሲሚንቶ ካልሆነ ከሚዛኑ ሥር ጠፍጣፋ ሳንቃ ይደረግ፤ በአፈር ላይ የተቀመጠ ሚዛን አይታመንም።

ስለ እናትዎ ደግሞ፣ ጥጃው የግድ አደባባይ ላይ መመዘን የለበትም። አቅፎ መመዘኑ ራሱ ለዚህ ይመቻል፤ በማድቤት ወይም በበረቱ ውስጥ፣ በር ተዘግቶ፣ እርሳቸው ራሳቸው ቁጥሩን ቢያነቡት አይሻልም?

የኤረሩ አርቢ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እኔ እስከ ዛሬ የመዘንኩባቸውን ሰዓቶች አልጻፍኩም ነበር፤ ከአሁን ጀምሮ እጽፋለሁ።

ሰቃይ ሚዛን ላላችሁ አንድ ነገር ላካፍላችሁ። ሚዛኔን ገዝቼ ከቤት ሳደርስ ምን ያህል እንደሚታመን ለማወቅ ባዶ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሰቀልኩበት፤ ቀጥሎ በሊትር መስፈሪያ 20 ሊትር ውሃ እየሰፈርኩ ሞላሁት። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ከባዶው ጄሪካን በላይ ልክ 20 ኪሎ መጨመር ነበረበት፤ የእኔ ግን 20 ኪሎ ከ600 አነበበ። 5 ሊትር ብቻ ሳደርግበት ልዩነቱ ከመቶ ግራም አይበልጥም ነበር፤ ስለዚህ ሚዛኑ ሲከብድ ነው የሚያጋንነው። አሁን በየሦስት ወሩ በዚሁ ጄሪካን አረጋግጣለሁ፤ የተገኘውንም ልዩነት በደብተሩ መጀመሪያ ገጽ ላይ ከነቀኑ እጽፈዋለሁ። ሚዛን ስትገዙ ደግሞ እስከ 100 ኪሎ የሚመዝነውን ሳይሆን እስከ 50 ኪሎ የሚመዝነውን ምረጡ፤ በትልቁ ላይ ጭረቶቹ ስለሚቀራረቡ በ20 ኪሎ ጥጃ ላይ የግማሽ ኪሎ ልዩነት በዓይን አይለይም።

የጀልዴሳ ልጅ

የጋሼን የጄሪካን ዘዴ ወድጄዋለሁ። እኔ ባለሁበት ሚዛን የያዘ ሰው ስለሌለ የደረት ዙሪያ በሜትር እንለካለን፤ ክብደቱን የሚያሳይ የታተመ ሜትርም ከአንድ ሰው አግኝቻለሁ። ከፊት እግሮቹ ጀርባ፣ ከሻኛው በታች ዞሬ ስለካ አንዱ ጥጃ 62 ሴንቲ ሜትር ሆነ። የታተመው ሜትር የሰጠኝ ቁጥር ግን በእጄ አንሥቼው ከተሰማኝ በጣም ይበልጣል። ስሕተቱ የእኔ ነው ወይስ የሜትሩ?

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አስተውያለሁ። በአካባቢያችን ከዚህ በፊት የተጻፈ ደብተር ስገልጥ ጥጆቹ ሁሉ ወይ 20 ወይ 25 ኪሎ ናቸው። በመካከል አንድም 21፣ አንድም 23 የለም። ጥጃ እንደ ስኳር ከረጢት ተለክቶ አይወለድም።

እርባታ ተመልካች

ወንድሜ፣ ሁለቱም የታዘብካቸው ነገሮች ትክክል ናቸው።

የታተሙት ሜትሮች በብዛት የተዘጋጁት ለትልልቅ የውጭ ዝርያዎች ነው፤ የእነዚያ ጥጆች አጥንታቸውም ቅርጻቸውም ከእኛዎቹ ስለሚለይ ያው 62 ሴንቲ ሜትር በሁለቱ ላይ አንድ ክብደት አያሳይም። መፍትሔው የራሳችንን ሜትር መሥራት ነው። ሚዛን ያላችሁ አርቢዎች የምትመዝኗቸውን ጥጆች ሁሉ የደረታቸውን ዙሪያም አብራችሁ ለክታችሁ ብትጽፉ፣ ጥጆቹ በርከት ሲሉ ሚዛን ለሌለው ለጀልዴሳው ወንድማችን የሚሆን ሠንጠረዥ ይወጣላችኋል። እስከዚያው በሜትር የተገኘው ቁጥር በሚዛን ከተገኘው ጋር በአንድ ዓምድ አይጻፍ፤ «በሜትር» ተብሎ ይለይ። በዚህ ዕድሜ አንድ ሴንቲ ሜትር ሜትሩን ማጥበቅ ወይም ማላላት ከአንድ ኪሎ የማይርቅ ልዩነት ያመጣል፤ ጥጃው ቀጥ ብሎ ካልቆመ ደግሞ ይብሳል።

ስለ 20 እና 25ቱ፣ ያ ደብተር የተገመተ እንጂ የተመዘነ አይደለም። የአገራችን ዜቡ ጥጆች ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 25 ኪሎ ባለው ውስጥ ይወለዳሉ። መላው ልዩነት በሰባት ኪሎ ውስጥ ተጨምቆ ሳለ በአምስት በአምስት ኪሎ ብንጠጋጋ የምንፈልገውን ነገር ራሱን አጠፋነው ማለት ነው። ወንዱ ከሴቷ የሚበልጠው በአንድ ወይም በሁለት ኪሎ ገደማ ነው፤ የመጀመሪያ ወላድ ልጅ ከሦስተኛ ወላድ ልጅ የሚያንሰውም በዚያው መጠን ነው። የዓይን ግምት እነዚህን ሊያሳየን አይችልም።

ግምት የሚያስከትለው ጉዳት ደግሞ እዚያው አይቆምም። 21 ኪሎ የተወለደ ጥጃ በ90 ቀኑ 57 ኪሎ ቢሆን በቀን 400 ግራም ጨምሯል። የውልደት ክብደቱን «25 ይሆናል» ብሎ የጻፈው ሰው ግን ያንኑ ጥጃ በቀን 355 ግራም ገደማ ብቻ የጨመረ ያደርገዋል፤ ምናልባትም ለዘር ሊቀመጥ የሚገባውን ወይፈን በዚህ ምክንያት ይሸጠዋል።

ደብተር ያዥ

ከሐረር ነኝ። በሙያዬ የእንስሳት ሰው ሳልሆን መዝገብ ቤት የሠራሁ ነኝና ስለ ቀን አጻጻፍ ልናገር።

በአንድ ወዳጄ ደብተር ላይ «12/03/2015» የሚል የጥጃ ልደት አይቻለሁ። ይህ ኅዳር 12 ቀን 2015 በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጆቹ ማርች 12? ባለቤቱ ራሱ ሊነግረኝ አልቻለም፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከሰባት ዓመት በላይ ነው። ስለዚህ ወሩ በቁጥር ሳይሆን በስሙ ይጻፍ፤ ኅዳር የተባለ ወር በፈረንጆቹ ዘንድ ስለሌለ ማንም አይሳሳትም። ሌሊት የተወለደውም እንዲሁ ያከራክራል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት የተወለደ ጥጃ በእኛ አቆጣጠር ገና ያለፈው ቀን ሌሊት ነው፤ በስልኩ ላይ ግን ቀኑ ተቀይሯል። የቀን ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ተመዝኗል አልተመዘነም የሚለው የሚወሰነው በዚህ ነውና «ለኅዳር 12 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ጥርጥር አያስቀርም።

የእኛ አቆጣጠር ለአርቢ የሚመች አንድ ጥሩ ነገርም አለው። ከጳጉሜን በቀር ወሮቻችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆኑ የመውለጃዋን ቀን በጣት መቁጠር ይቻላል። እርግዝናው 285 ቀን ገደማ ነው ብንል ዘጠኝ ወር ከ15 ቀን ነው። መስከረም 1 የተጠቃች (ከኮርማ ጋር የተገናኘች) ላም ሰኔ 16 ገደማ ትጠበቃለች። በመካከል ጳጉሜን ካለች 5 ቀን (በየአራት ዓመቱ 6) ይቀነሳል፤ ጥር 10 የተጠቃችው ጥቅምት 25 ሳይሆን ጥቅምት 20 ገደማ ማለት ነው። ጥጃው ከዚህ ቀን በሦስትና በአራት ሳምንት ቀድሞ ከመጣና ቀላል ከሆነ፣ ቀላል የሆነው ያለ ጊዜው ስለተወለደ እንጂ በዘሩ ላይሆን ይችላል። ለዚህ ነው የተጠቃችበት ቀን ከክብደቱ ጋር አብሮ መጻፍ ያለበት።

አዳቃዩ

የኤረሩ አርቢ የጻፉትን ሳነብ ስለ ሥራዬ ብዙ አሰብኩ። በዚሁ አካባቢ በአዳቃይነት እሠራለሁ፤ እንደዚያች ያለች ጊደርም አይቻለሁ።

በእኔ በኩል ያለውን እውነት ልናገር። አንድ አርቢ ጊደሩን ይዞ ሲመጣ የሚጠይቀኝ ወተት ስለሚሰጠው ዘር ነው፤ የጊደሯን ክብደት የሚጠይቅ የለም፤ እኔም ብጠይቅ የሚመልስ የለም። 240 ኪሎ የምትመዝን ላም 20 ኪሎ ጥጃ ብትወልድ ጥጃው የክብደቷ 8 በመቶ ያህል ነው፤ ይህን ትችለዋለች። ያቺው ላም 30 ኪሎ እንድትወልድ ስትገደድ ግን 12 ተኩል በመቶ ደረሰ፤ ዳሌዋ ግን አልሰፋም። የፍሪዥያን (የትልቁ የውጭ የወተት ዝርያ) ጥጃ በራሱ ዘር ውስጥ 40 ኪሎ ገደማ ሆኖ እንደሚወለድ ስናስብ፣ በመጀመሪያ ወላድ የሐረር ጊደር ላይ ይህን አባለዘር ማድረግ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚሻ ግልጽ ነው። እኔ አሁን የመጀመሪያዋን በአገሬው ኮርማ አስጠቋት፣ ከሁለተኛው ጀምሮ እንነጋገራለን እላለሁ። አንዳንዱ ይቆጣኛል።

መዝገቡ ለእኔ የሚጠቅመኝ በዚህ ነው። የምጠቀምበት አባለዘር የኮርማ ቁጥር አለው። ያንን ቁጥር እናንተ ከጥጃው ክብደት ጎን ከጻፋችሁት፣ «ይህ ኮርማ በትንንሽ ላሞች ላይ ጥጃ ያከብዳል» ብዬ የምከራከርበት ማስረጃ ይኖረኛል። የሞቱት ካልተጻፉ ግን ያ ኮርማ በወረቀት ላይ ንጹሕ ነው፤ የከበዱት ጥጆች ሞተው ስለሚወጡ ከመዝገቡ የሚጎድሉት በትክክል እነሱ ናቸው። ጋሼ፣ ያንን 31 ኪሎ በመመዘንዎ ትልቅ ነገር ሠርተዋል።

እርባታ ተመልካች

አዳቃዩ ባሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የዜቡ እናት በማኅፀኗ ያለውን ጥጃ እድገት የመግታት ጠባይ እንዳላት በብዙ አገር ታውቋል። የዜቡ ኮርማ በውጭ ላም ላይ ሲሆን ጥጃው ይከብዳል፤ የውጭ ኮርማ በዜቡ ላም ላይ ሲሆን ግን ከሚጠበቀው ያንሳል። በብዙ ቤት ዲቃላ ጥጃ ያለ ችግር የሚወለደው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ይህ ጠባይ ጊደርን ሁልጊዜ አያድናትም፤ የኤረሩ ጊደርም ምስክር ናት። ምጡ ያለ እርዳታ እንደሆነ፣ በአንድ ሰው እርዳታ እንደሆነ ወይም በገመድ እንደሆነ የሚገልጽ አጭር ቃል ከክብደቱ አጠገብ ይጻፍ፤ ክብደቱን ያለዚህ ቃል ማንበብ ግማሹን ማንበብ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ፍርሃቴን መግለጽ እወዳለሁ። መዝገብ ሲጀመር ሰው ትልቁን ቁጥር ይወዳል። ሐሳባችን ከባድ ጥጃ የወለደውን መሸለም ከሆነ፣ የውልደት ክብደት ከወላጅ ወደ ልጅ በመጠኑም ቢሆን የሚተላለፍ ስለሆነ፣ በጥቂት ትውልድ ውስጥ የምንፈልገውን ሳይሆን የምንፈራውን እናገኛለን። የምንሻው በመካከለኛ ክብደት ተወልዶ ከዚያ በኋላ ፈጥኖ የሚያድገውን ነው። በጣም ቀላል የሆነውም አይበጅም፤ ደካማ ነው፣ ለመጥባት ይዘገያል፣ ብርድ ይጎዳዋል።

የሳቢያኗ

አንድ ጥያቄ ይፈቀድልኝ። የእኛ ጥጆች ከሐረር ዘመዶቻችን ጥጆች ሁልጊዜ የሚያንሱ ይመስለኛል፤ ላሞቹን የገዛናቸው ከዚያው ነው። ዘራቸው ተበላሽቶ ነው?

እርባታ ተመልካች

እኅቴ፣ ወደዚያ መደምደሚያ ለመድረስ አይቸኩሉ። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ደጋማ ከተማ ናት፤ ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር አካባቢ ናት፤ በመኪና ከአንድ ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ መንገድ ወርዳችሁ የምታገኙት ሙቀት ግን ሌላ አገር ነው። ከጥጃው የውልደት ክብደት አብዛኛው የሚጨመረው በመጨረሻዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት ነው። በነዚያ ወራት ላሟ በብርቱ ሙቀት ውስጥ ከቆየች የምትበላው ይቀንሳል፣ ወደ ማኅፀኗ የሚሄደው ደምም ይቀንሳል፣ እርግዝናውም በጥቂት ቀናት ሊያጥር ይችላል። በደረቅ ወራት አገዳ ብቻ ስትበላ የቆየችውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የእርስዎን ጥጃ ከእርስዎው ላሞች፣ በዚያው ወቅት፣ በዚያው ፆታ ከተወለዱት ጋር ያነጻጽሩ። ላሟ በመጨረሻዎቹ ወራት ምን እንደበላችና ጥላ እንደነበራት በአንድ መስመር ቢጽፉ ደግሞ በኋላ ጥያቄዎን መዝገቡ ራሱ ይመልስልዎታል።

ስለ ኮርማም እንዲሁ ነው። ሦስት ጥጆች አይቶ «ይህ ኮርማ ያከብዳል» ማለት አይቻልም። በተለይ እንደ እኛ ከብቶቹ ጥቂት በሆኑበት መንደር አንድ ኮርማ ብዙ ዓመት ከቆየ የራሱን ልጆች ማጥቃት ይጀምራል፤ ከአባትና ከልጅ የተገኘ ጥጃ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቀሎና ደክሞ ይወለዳል። አባቱ በጋራ ግጦሽ ላይ ስለተገኘ የማይታወቅ ከሆነ «አይታወቅም» ተብሎ ይጻፍ፤ በግምት የተጻፈ አባት ከባዶ ቦታ የከፋ ነው።

የጀልዴሳ ልጅ

በእኛ በኩል አብዛኛው «አይታወቅም» ይሆናል። ቢሆንም እጽፋለሁ።

የኤረሩ አርቢ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የደብተሬን ገጽ እንደ ምክራችሁ ከልሼ አሰምሬያለሁ፤ በመጀመሪያው መስመር ላይም ያንን የሞተ ጥጃ ጻፍኩት፦ ወንድ፤ እናቱ ጊደር፣ የመጀመሪያ ወላድ፤ የአባቱ የአባለዘር ቁጥር ከካርዱ የተገለበጠ፤ ምጡ በገመድ፤ ሞቶ የተወለደ፤ ሳይጠባ፤ 31 ኪሎ ከ200። ሚዛኑ በዚያን ጊዜ ስላልተረጋገጠ ምናልባት ከግማሽ ኪሎ በላይ አጋንኖ ሊሆን እንደሚችል በጎኑ አስፍሬያለሁ።

የሳቢያኗ

ትናንት ማታ ከ1 ሰዓት ተኩል ላይ አንዷ ላማችን ወለደች፤ ሴት ናት። እናቴ መጀመሪያ ዝም አለች፤ በኋላ ግን በሩን ራሷ ዘግታ፣ «በይ አቅፊያትና ውጪበት» አለችኝ፤ ቁጥሩንም በእጅ ባትሪ አብርታ ያነበበችው እርሷ ናት። የጻፍኩት ይህን ነው፦ የተወለደችበት ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል፣ የተመዘነችበት ከሌሊቱ 5 ሰዓት፤ ሁለት ጊዜ ጠብታለች፤ ምጡ ያለ እርዳታ፤ እናቷ ሦስተኛ ወላድ፤ አባቷ አይታወቅም፤ 19 ኪሎ ከ800፣ የሦስቱ ንባብ መካከለኛ። እርጥበቷ ልብሴን እንዳይነካ በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልዬ ነው ያቀፍኳት።

ደብተር ያዥ

እንኳን ደስ አላችሁ። ብቻዎን ሲመዘኑ ጆንያውን ይዘው ነበር?

የሳቢያኗ

አልያዝኩም። አሁን ጆንያውን ከነእርጥበቱ በሰፈራችን ሱቅ ሚዛን አስመዝኜው መጣሁ፤ 400 ግራም ነው። 19 ኪሎ ከ400 ብዬ አርሜያለሁ፤ የመጀመሪያውን ቁጥር አልፋቅሁትም፤ በአንድ መስመር ሰርዤ እርማቱን ከነቀኑ ከላዩ ጻፍኩት።

ደብተር ያዥ

ትክክል ነው፤ እርማት እንዲህ ነው የሚጻፈው።